ፕሮፌሰር ግሪንና ጎረቤቶቹ

የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ እንደሚበልጥ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን አድገናል። ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከገባን በኋላ ግን ይህን ትምህርት የረሳነው ይመስላል። ባለፈው በጋ በአንድ ግቢ በር ላይ ያየነውን እንናገር። በሰፈሩ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን ይዘው ከአጥሩ ውስጥ ካለው ቧንቧ ለመቅዳት መጡ። ዘበኛውም የታዘዘውን ፈጽሞ መለሳቸው። እኛ ደብተራችንን በብብታችን ይዘን በመካከላቸው አልፈን ገባን፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላም ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ የሚሰጠውን ትምህርት በጥሞና ተከታተልን። ከክፍል ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ፣ ዛሬ የተማርነውን ሄደን ለእነዚያ እናቶች ብንነግራቸው ምን ይሉን ይሆን ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም።

ይህ ጥያቄ እረፍት ስለ ነሳን በፍልስፍና ትምህርት ስሙን ብቻ እናውቀው የነበረውን የአንድ ሰው ታሪክ አገላብጠን አነበብን። ሰውየው ቶማስ ሂል ግሪን ይባላል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ፕሮፌሰር ነበረ። ከሞተ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። መጻሕፍቱን የሚያነቡ ዛሬም አሉ፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን በይበልጥ ከክፍሉ ውጭ የሠራውን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የግሪንን ሥራ ለመረዳት በመጀመሪያ የተወለደበትን ጠብ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ኦክስፎርድ ከተማ በአንድ ስም ቢጠሩም ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ባላጋራ ሲተያዩ የኖሩ ናቸው። በ1209 ዓ.ም. አንዲት የከተማው ሴት በመገደሏ የከተማው ሰዎች ተቆጥተው ተማሪዎችን ይዘው ሰቀሉ። ከዚህ የተነሣ መምህራንና ተማሪዎች ከተማውን ለቅቀው ሲበተኑ፣ ከፊሎቹ ወደ ካምብሪጅ ሄደው በዚያ የሌላውን ዩኒቨርሲቲ መሠረት ጣሉ። ከዚህም የከፋው በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1355 ዓ.ም. በቅድስት ስኮላስቲካ በዓል ዕለት የሆነው ነው። ተማሪዎች በአንድ የወይን ጠጅ መሸጫ ቤት ተቀምጠው ሳለ የቀረበላቸው ወይን መጥፎ ነው በማለት ከሻጩ ጋር ተጣሉ፤ ወይኑንም ማድጋውንም በራሱ ላይ ወረወሩበት። የከተማው ቤተ ክርስቲያን ደወል የከተማውን ሰው ሲጠራ፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን ደወል ተማሪውን ጠራ። ጠቡ ሲበርድ 63 ተማሪዎችና 30 ያህል የከተማ ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል።

ንጉሡ ኤድዋርድ ሦስተኛ ለዩኒቨርሲቲው አደላ። የከተማው ከንቲባ ሹማምንቱንና 60 የከተማውን ሰዎች አስከትሎ በየዓመቱ በዚያች ዕለት ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ለሟቾቹ እንዲጸለይና ለያንዳንዱ ሰው አንድ ፔኒ እንዲከፈል ተፈረደ። አንድ ፔኒ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ውርደቱ ግን ትልቅ ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ 1825 ዓ.ም. ድረስ ማለት ለ470 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በዚያን ዓመት የነበረው ከንቲባ አልሄድም ብሎ በመቅረቱ አበቃ። በከተማው ገበያ የዳቦውንና የቢራውን ጥራት፣ ሚዛኑንና መስፈሪያውን ለረጅም ዘመን የሚቆጣጠረው ዩኒቨርሲቲው ነበር። ከንቲባውም እስከ 1859 ዓ.ም. ድረስ የዩኒቨርሲቲውን መብት ለማክበር ይምል ነበር። እንግዲህ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ጭሰኛ ከባለ ርስት ጋር እንደሚኖረው ዓይነት ኑሮ ነበር ማለት ነው።

በዚያን ዘመን ከዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለከተማው የሚያዝን ሰው ጨርሶ አልነበረም ማለታችን አይደለም። በ1854 ዓ.ም. ኮሌራ በከተማው በገባ ጊዜ ሐኪሙ ሄንሪ አክላንድ ሕሙማንን ለመርዳት ብዙ ደክሟል፤ በኋላም በሽታው በየትኛው ሰፈርና በምን ምክንያት እንደ ጠና የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፏል። ነገር ግን ደግነት ሌላ፣ ጉርብትና ሌላ ነው። በ1865 ዓ.ም. ታላቁ የምዕራብ ባቡር ኩባንያ የፉርጎ መሥሪያ ፋብሪካውን በኦክስፎርድ ሊያቋቁም አስቦ ነበር። የከተማው ሰው ሥራ እናገኛለን ብሎ ተደሰተ። ከዩኒቨርሲቲው ግን ብዙዎች የጥናት ከተማችን ይበላሻል በማለት አጥብቀው ተቃወሙ፤ ፋብሪካውም በስዊንደን ሆነ። እነዚያ ምሁራን ስለ ጸጥታ ያቀረቡት ክርክር ሐሰት ነው አንልም። ለእነርሱ ጸጥታ የሚከፈለው ዋጋ ከማን እንጀራ ላይ እንደሚነሣ ግን ያሰቡት አይመስለንም።

ቶማስ ሂል ግሪን ኤፕሪል 7 ቀን 1836 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር አውራጃ በርኪን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሪቱ ቄስ ነበሩ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞቱበት አባቱ አሳደጉት፤ እስከ 14 ዓመቱም ድረስ ራሳቸው አስተማሩት። ከዚያ በኋላ ራግቢ ወደሚባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ፈጣን ተማሪ አልነበረም፤ እንዲያውም መምህራኑ ሰነፍ ነው ይሉት ነበር። የሚወደውን ሲያገኝ ግን እስከ ሥሩ ሳይደርስ የማይተው ልጅ ነበር። በ1855 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ወደ ቤሊዮል ኮሌጅ ገብቶ በስመ ጥሩው መምህር በቤንጃሚን ጆዌት እጅ ተማረ። በ1860 ዓ.ም. የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ። ዝምተኛ፣ ጭምት፣ በጥቁርና በግራጫ ልብስ የሚታወቅ ሰው ነበር። አነጋገሩ የሚያማልል አልነበረም። ተማሪዎቹ ግን የሚናገረውን የሚያምንበት ሰው መሆኑን ስላወቁ ይከተሉት ነበር።

በ1865ና በ1866 ዓ.ም. መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሁኔታ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁሞ ስለ ነበር ግሪን ረዳት ኮሚሽነር ሆኖ በበርሚንግሃምና በአካባቢው ባሉ አውራጃዎች ትምህርት ቤቶችን እየዞረ መረመረ። ይህ ጉዞ ዓይኑን እንደ ገለጠለት እንረዳለን። ጥንታውያን ለድኾች ልጆች ብለው ርስትና ገንዘብ የተዉላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከታሰበላቸው ዓላማ ርቀው አገኛቸው። የሠራተኛ ልጅ ከመጀመሪያ ደረጃ ወጥቶ ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ አልነበረም። የሀብታም ልጅ በአንድ መንገድ፣ የነጋዴ ልጅ በሌላ መንገድ፣ የድኻ ልጅ በጭራሽ ያለ መንገድ ይሄድ ነበር። ግሪን ወደ ኦክስፎርድ ተመልሶ ከኮሌጁ መስኮት ወደ ከተማው ሲመለከት ያንኑ ነገር ከደጃፉ አገኘው። በዓለም የታወቀ የትምህርት አገር በሚባለው ከተማ የጫማ ሰፊ ልጅ ከዩኒቨርሲቲው አጥር አጠገብ ተወልዶ፣ በአጥሩ ሥር ተጫውቶ፣ አንድ ቀን ሳይገባበት ያረጅ ነበር።

በ1871 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። በመጀመሪያ፣ በዩኒቨርሲቲው ከፍ ያለ ማዕረግና ሹመት ለማግኘት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባል መሆንን ይጠይቅ የነበረው ሕግ በአብዛኛው ተሻረ። በከተማው ነጋዴዎችና የእጅ ባለ ሙያዎች መካከል ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆኑ ብዙ ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ ይህ ለእነርሱ ትልቅ ነገር ነበር። ሁለተኛው የግሪን የራሱ ጉዳይ ነው፤ በዚያው ዓመት ሻርሎት ሲመንድስን አገባ። በቀድሞው ሥርዓት የኮሌጅ ባልደረባ የሆነ መምህር ሚስት ማግባት አይፈቀድለትም ነበር፤ በኮሌጁ ይበላል፣ በኮሌጁ ይተኛል፣ ከተማውን የሚያውቀው በሚያልፍበት መንገድ ብቻ ነው። ግሪን ሲያገባ ግን በከተማው ውስጥ ቤት ይዞ የሚኖር፣ የከተማ ግብር የሚከፍል፣ የጎረቤቱ ጢስ የሚሸተው ሰው ሆነ። እኛ እንደሚመስለን ትዳሩ ለፍልስፍናው ብዙ ሳይረዳው አልቀረም።

በ1870 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሕግ በየከተማው የትምህርት ቦርድ እንዲመረጥ ፈቅዶ ነበር። ግሪን በ1874 ዓ.ም. የኦክስፎርድ የትምህርት ቦርድ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1876 ዓ.ም. ደግሞ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ተወዳድሮ በሰሜኑ ቀበሌ ሕዝብ ተመረጠ።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። ዩኒቨርሲቲው በከተማው አስተዳደር ውስጥ ጨርሶ ድምፅ አልነበረውም ማለት አይደለም። መንገድና የቆሻሻ ውሃ ቦይ በሚመለከተው ቦርድ ውስጥ ከ1864 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው የራሱ ወኪሎች ነበሩት። ነገር ግን እነዚያ ወኪሎች የሚናገሩት ለላኳቸው ለዩኒቨርሲቲው ነበር። ግሪን ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች መካከል ዩኒቨርሲቲው ሳይልከው፣ እንደ ማንኛውም ግብር ከፋይ በከተማው ሕዝብ ድምፅ ተመርጦ በምክር ቤቱ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ትልቅ ነው። የዩኒቨርሲቲው ወኪል ቢያጠፋ የሚጠይቀው ዩኒቨርሲቲው ነው። ግሪን ቢያጠፋ ግን ሥጋ ሻጩና ልብስ ሰፊው በሚቀጥለው ምርጫ ሊያወርዱት ይችሉ ነበር። እርሱም ይህን አውቆ ገባበት። ለ500 ዓመት ያህል ከተማው ለዩኒቨርሲቲው ሲሰግድ ኖሮ፣ አሁን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የከተማውን ሰው ድምፅ ለመለመን በየበሩ ቆመ ማለት ነው።

ምክር ቤቱም የመላእክት ጉባኤ አልነበረም። በዚያን ዘመን በኦክስፎርድ ምርጫ ገንዘብና ቢራ ብዙ ሥራ ይሠሩ ነበር። በ1880 ዓ.ም. በተደረገው የፓርላማ ምርጫ የድምፅ መግዛትና መሸጥ ነገር በመገኘቱ ምርጫው ፈረሰ፤ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከተማውም ለጥቂት ዓመታት አዲስ ምርጫ እንዳያደርግ ታገደ። ብዙ ምሁራን ይህን እያዩ ከከተማው ፖለቲካ እጃቸውን ታጥበው በመጻሕፍት ቤት መቀመጥን መረጡ። ግሪን ግን ንጹሕ ሆኖ ለመኖር ሲባል ከጎረቤት መራቅን እንደ ንጽሕና የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ኮሚቴ ይቀመጥ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ያነብ ነበር፤ ስለ ግብርና ስለ ትምህርት ቤት ወጪ ይከራከር ነበር። ስለ ዘላለማዊው ኅሊና ሲያስተምር የዋለ ሰው ማታ ስለ ማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ሲነጋገር ያመሽ ነበር።

ያልተሳካለትን ወይም የተተቸበትንም መናገር ይገባል። ከወንድሞቹ አንዱ በመጠጥ የተጎዳ ሰው ስለ ነበረ ግሪን መጠጥን እንደ ትልቅ ጠላት ያይ ነበር። የመጠጥ ቤቶች ቁጥር በሕግ እንዲወሰን፣ የየአካባቢው ሕዝብም በድምፁ መጠጥ ቤትን ሊከለክል እንዲችል ይታገል ነበር። በዚህም ምክንያት እንደ እርሱ የሊበራል ፓርቲ ሰው ከነበረው ከኦክስፎርድ የፓርላማ አባል ከዊልያም ሃርኮርት ጋር በአደባባይ ተከራክሯል። በ1875 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ክሌመንት በሚባለው የድኾች ሰፈር መጠጥ የማይሸጥበት ቡና ቤት አቋቋመ። በእኛ ከተማ ቡና ቤት ሲባል ቢራ ቤት እየሆነ ስለ መጣ አንባቢ እንዳይሳሳት እንለምናለን፤ የግሪን ቡና ቤት ቡና የሚሸጥበት ነበር።

እዚህ ላይ እኛ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ከፊላችን፣ የኮሌጆቹ ምድር ቤት በወይን ጠጅ ተሞልቶ ሳለ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ለዋለ ሠራተኛ ቢራህን ተው ማለት ጉርብትና ሳይሆን ጌትነት ነው አልን። ከፊላችን ደግሞ፣ ግሪን ራሱ መጠጥ ትቶ ስለ ነበር ያልሠራውን አላዘዘም፤ ደግሞም ውሳኔውን ለየሰፈሩ ሕዝብ ድምፅ ተወው እንጂ በዩኒቨርሲቲ ሥልጣን አልጫነም ብለን መለስን። ክርክሩ አላለቀም። የተስማማንበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ግሪን ስለዚህ ጉዳይ የሚቃወመው ሰው ሁሉ በድምፁ ሊያሸንፈው በሚችልበት ቦታ ቆሞ ነው የተናገረው። ከአጥር ውስጥ ሆኖ ቢናገር ኖሮ ቃሉ ስድብ ይሆን ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለኦክስፎርድ ከተማ የቀረላት የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በከተማው ያሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጁን ወደ አንድ ቦታ አድርሰው ይተዉት ነበር። ከዚያ በላይ ለመሄድ የአባት ገንዘብ ያስፈልጋል። ግሪን ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያልተቋረጠ መሰላል እንዲቆም ፈለገ፤ የመካከሉም ደረጃ የጎደለ ስለ ነበር ከተማውና ዩኒቨርሲቲው በአንድነት እንዲሠሩት ሁለቱንም ወገን ሲያግባባ ዓመታት አሳለፈ። ከራሱ ገንዘብም አዋጣ፤ ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ልጅ መማሪያ የሚሆን ድጎማ አቆመ። የመሠረቱ ድንጋይ በ1880 ዓ.ም. ተጣለ፤ ትምህርት ቤቱ በ1881 ዓ.ም. በጆርጅ መንገድ ተከፈተ። ከተማውና ዩኒቨርሲቲው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለትምህርት ቤት አብረው ሲሰበሰቡ ማየት ለብዙ ሽማግሌዎች እንግዳ ነገር ሳይሆንባቸው አልቀረም። በዚህ ትምህርት ቤት ብዙ የከተማው ልጆች ተምረዋል፤ የዓረቡ ሎረንስ እየተባለ የሚጠራው ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1966 ዓ.ም. ከዚያ ቦታ ተነሥቷል፤ ሕንፃው በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሆኖ ለዓመታት የታሪክ ትምህርት ክፍል ኖሮበታል።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ማስተማሩን አላቋረጠም። በ1878 ዓ.ም. የሥነ ምግባር ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ። ትምህርቱን በአጭሩ እንናገር ብንል እንዲህ ነው። ሰው ብቻውን ሰው አይሆንም፤ የኔ የሚለው መልካም ነገር ከሌላው ሰው መልካም ነገር ጋር የተሳሰረ ነው። እውነተኛ መልካም ነገር ስካፈለው የማያልቅ፣ እኔ ስላገኘሁት ሌላው የማያጣው ነው። ነፃነትም ማንም አይንካኝ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሊሠራ የሚገባውን ለመሥራት መቻል ነው። በ1881 ዓ.ም. በሌስተር ከተማ በሰጠው ንግግር፣ ሠራተኛውንና ጭሰኛውን የሚጠብቅ ሕግ ነፃነትን የሚነካ ሳይሆን የሚያሰፋ መሆኑን አስረድቷል። ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ ብቻ ብናነበው ውብ ቃል ነው ብለን እናልፈው ነበር። የማዘጋጃ ቤቱን ወንበርና የጆርጅ መንገድን ትምህርት ቤት አጠገቡ አድርገን ስናነበው ግን በጎረቤት መካከል የተፈተነ ሐሳብ መሆኑን እናያለን።

ግሪን ብዙ አልኖረም። በማርች ወር 1882 ዓ.ም. ደሙ ተመርዞ ታመመና ገና 46 ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ዋናው የፍልስፍና መጽሐፉ ሳያልቅ ስለ ቀረ ወዳጆቹ በ1883 ዓ.ም. አሳተሙለት። በቀብሩ ላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ የከተማው ሰው በብዛት ወጥቶ አብሮ ቀበረው። የኦክስፎርድ ደወሎች አንዱ በአንዱ ላይ ሰው ሲያስነሡ በነበሩበት ከተማ፣ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ሬሳ ኋላ መሄዳቸው ቀላል ነገር አይደለም። በኑዛዜውም ለዚያው ለከተማው ትምህርት ቤት ድጎማ የሚሆን ገንዘብ ትቷል። ባለቤቱ ሻርሎት ከእርሱ በኋላ 47 ዓመት ኖራ፣ ሴቶች በኦክስፎርድ ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኙ ስትደክም ቆይታ በ1929 ዓ.ም. አረፈች። ሴቶች በኦክስፎርድ ማዕረግ መቀበል የጀመሩት በ1920 ዓ.ም. ስለ ሆነ ይህን ለማየት በቅታለች።

ፍሬውም ከኦክስፎርድ ውጭ ወጣ። በቤሊዮል ከእርሱ የተማረውና ወዳጁ የነበረው አርኖልድ ቶይንቢ ከሠራተኞች ጋር በመገናኘትና እነርሱን በማስተማር ሲደክም በ1883 ዓ.ም. በ30 ዓመቱ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ቄስ ሳሙኤል ባርኔትና ባለቤታቸው ሄንሪየታ በምሥራቅ ለንደን በድኾች ሰፈር በእርሱ ስም ቶይንቢ አዳራሽ የሚባለውን ቤት አቋቋሙ። በዚያ ቤት ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች ለጉብኝት ሳይሆን ለመኖር ይገቡ ነበር። ከዚያ ቤት የተማሩ ሌሎች በአሜሪካም ተመሳሳይ ቤቶችን አቋቁመዋል።

አሮጌው ጠብ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አላለቀም። በ1955 ዓ.ም. የዚያ የወይን ጠጅ ቤት ጠብ 600ኛ ዓመት ሲሞላ፣ ዩኒቨርሲቲው ለከንቲባው የክብር ማዕረግ፣ ከተማውም ለዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር የክብር ዜግነት ሰጥተው በይፋ ታረቁ። ሥርዓቱ ያማረ ነበር። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን፤ በ1955 ዓ.ም. የተፈረመው ዕርቅ የተጀመረው በ1876 ዓ.ም. አንድ መምህር የጎረቤቱን ድምፅ በለመነበት ቀን ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ግሪን ለከተማው ምጽዋት አልሰጠም፤ ደርሶ የሚመለስ አስተማሪም አልሆነም። በእኛ አገር ቋንቋ ብንናገረው፣ ግሪን የሰፈሩን እድር የገባ ፕሮፌሰር ነበር። እድር የገባ ሰው ወር በወር ይከፍላል፤ ቢቀር ይቀጣል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ሬሳ ይሸከማል፤ ተራው ሲደርስም ይሸከሙታል። በእድር ስብሰባ ላይ ዲግሪ ያለውና የሌለው እኩል አንድ ድምፅ አለው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በግቢው ዙሪያ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሦስት ዓመት በኖርንበት መንደር ድንኳን ሲተከል በሩቁ አልፈን እንሄዳለን፤ የሞተው ማን እንደ ሆነም አንጠይቅም። የሰፈሩ ሰው ተማሪ ሲል የሚናገርበት ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ቢቀዘቅዝ ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር እንድንነጋገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በሰፈር የምንኖር ሁላችን፣ የሚቀበለን ከሆነ፣ የየመንደራችን እድር አባል እንሁን፤ መዋጮውን እንክፈል፤ ሲጠሩን እንውጣ። ሁለተኛ፣ ስለ ውሃው ነገር የሰፈሩን ሽማግሌዎች እኛ ሄደን እንጠይቅ። እኛ ስለ እነርሱ ከምንጽፍ እነርሱ የሚፈልጉትን ይንገሩን፤ ከዚያ በኋላ ከእነርሱ ጋር ሆነን ለሚመለከተው እናመልክት። ምናልባት ጥያቄያችን ተቀባይነት አያገኝ ይሆናል። ቢሆንም በሚቀጥለው ጊዜ ውሃ ሲጠፋ፣ በበሩ ላይ ጀሪካን ይዘው የሚቆሙትን እናቶች በስማቸው እየጠራን ሰላም ለማለት እንበቃለን። የክፍል ትምህርታችንንም በዚያ በር ስናልፍ እንለካዋለን።